ለጥቁር አንበሳ ኬሞ ክፍል እና ለኮተቤዋ እማማ

አልሐምዱሊላህ፣ ስምንተኛው የኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱ ዙር ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት ቡና ተቆልቶ ሽታው አላጥወለወለኝም። እንግዲህ ምስጋናዬን መጻፍ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

እኔ የደሴ ሰው ነኝ። ሰኔ ላይ የጡት ካንሰር ሕክምና ልጀምር አዲስ አበባ ስሄድ እዚያ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረኝም። 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠርማበርን ስናልፍ እህቴ እጄን ይዛ ታለቅስ ነበር።

መጀመሪያ የኬሞ ክፍል ነርሶችን ላመስግን። በመጀመሪያው ቀን ደም ስሬ አልገኝ ሲል አንዷ ሲስተር ጓንት ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀዩን መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ደግሞ «ሽንትሽ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ደም አይደለም፣ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። ባትነግረኝ ኖሮ ያን ሌሊት ፔንሲዮኑ ውስጥ በድንጋጤ አልቅ ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ብቻዬን ነው የመጣሁት። ደም ተመርምሬ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴልሽ ወርዷል፣ ዛሬ አይሰጥሽም፣ በሳምንት ተመለሺ ተባልኩ። ደሴ ደርሶ መልስ የምችልበት አቅምም ገንዘብም አልነበረኝም፣ በዚያ ላይ ሰው ከሚታፈግበት ቦታ ራቂ ተብያለሁ። ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጃቸውን ለማስታመም የመጡ እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ኮተቤ ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ።

ሁለት ክፍል ናት ቤታቸው። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው ፍራሽ ዘርግተው ተኙ። ትኩሳቷ 38 ከገባ ሌሊትም ቢሆን አምጧት ስለተባሉ በእንቅልፌ ግንባሬን ሲዳስሱ እነቃ ነበር። አጥሚት ያፈላሉ፣ ካልበሰለ ነገር አያቀምሱኝም። ፀጉሬ በእጄ እየመጣ ሲያስቸግረኝ በመቀስ አሳጥረው የራሳቸውን ሻሽ አሰሩልኝ። «አብሽሪ» የምትለዋን ቃል ከእኔ ተምረው ያን ቀን መልሰው ለእኔ አሏት።

ይህችን ግን መቼም አልረሳትም። ሥጋ ብዪ ተብዬ ነበር። እማማ ክርስቲያን ናቸው፣ በዚያ ላይ የሰኔን ጾም እየጾሙ ነው። ከሙስሊም ሉካንዳ ሥጋ አስገዙ፣ ለእኔ ብለው አዲስ ድስት ገዙ፣ ጨው ልኩን እንኳ መቅመስ ሳይችሉ ወጥ ሠሩልኝ። የምሰግድባትን ጥግ በየቀኑ ራሳቸው ይጠርጓት ነበር። የቀሩትን ዙሮች በሙሉ ከዚያ ቤት ነው የተመላለስኩት።

ደሴ ያላችሁ ጎረቤቶቼም ልጆቼን ስለያዛችሁልኝ፣ ዱዓ ላደረጋችሁም ጠበል ላመጣችሁም ጀዛኩሙላህ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእማማ ልጅ ገና ሕክምና ላይ ነው፣ እሱንም በየጸሎታችሁ አስቡት።

እማማ፣ ጥር ላይ ለቀጠሮ እመጣለሁ። ሽሮ እንዳይገዙ፣ ከቤቴ አዘጋጅቼ ይዤ ነው የምመጣው። እርስዎ ይቀመጣሉ፣ እኔ እሠራለሁ፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን።