ክፍሉ ይሠራ፣ የአባባ ጽጌረዳ ግን አትነቀል

አልስሜር፣ ሆላንድ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቅባቱ ካለቀ ንገሪኝ፤ ለገና ወደ አዲስ አበባ የምትገባ ልጅ ስላለች እሰድልሻለሁ። የማኅበርሽን እናቶችና ጎረቤቶቻችንን በሙሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ደብዳቤውን የምታነቢላት እህቴ፣ አንቺም ሰላም ነሽ? እባክሽ እየዘለልሽ አታንብቢላት።

በስልክ ስናወራ መስመሩ እየተቆራረጠ የክፍሉን ነገር በደንብ ሳንነጋገርበት ቀረን። ባይቆራረጥም አንቺ «እሺ፣ እሺ» ትይኛለሽ እንጂ መች ትሰሚኛለሽ! ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ መጻፍ ያማረኝ። እንደገባኝ ከሆነ ግንበኛው የሚከራየውን ክፍል በአጥሩ በኩል ለክቶታል፤ ኅዳር ሲገባ መሠረት ሊቆፍር ነው፤ መሠረቱ የሚያልፈው ደግሞ ልክ የአባባ ጽጌረዳ ካለችበት ላይ ነው። ክፍሉ ይሠራ፣ እኔ አልቃወምም። ገንዘቡን የላክሁትም ለዚያ ነው። የራስሽ ገቢ ኖሮሽ የእኔን ወር መጨረሻ ባትጠብቂ ደስታው የኔ ነው። ግን «ነቅለን እንጣላት» ያለው ማነው? ግንበኛው ከሆነ ለሱ እሾህ ናት፣ አልፈርድበትም።

«አርጅታለች፣ አበባዋም አንሷል» አልሽኝ። አባባ ከሥራ ቦታው ግቢ ቆርጦ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣት ዕለት «የጎመን መደቤ ላይ እሾህ ልትተክልብኝ ነው?» ብለሽው ነበር አሉ። ይሄን የነገረኝ ራሱ አባባ ነው፣ እየሳቀ። በኋላማ ከሱ ይልቅ የአንቺ ሆነች። የጀበናውን አተላ ሥሯ ላይ የምትደፊው አንቺ፣ ከልጆች ኳስ የምትጠብቂያት አንቺ፣ በጽጌ ወር አንድ ዘለላ ቆርጠሽ በብርጭቆ ውሃ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር የምታስቀምጪው አንቺ። የአባባ ለቅሶ ጊዜ የዕድር ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ግንዷ ላይ ሲያስሩ አይተሽ፣ እንደዚያ እያለቀስሽ ብድግ ብለሽ «ከሷ ላይ ፍቱልኝ!» ያልሽው ማን ይረሳዋል? ሰዎቹ ደንግጠው ካስማ ፍለጋ ሮጡ። ያን ቀን ከድንኳን ያስጣልሻትን ዛሬ ለአንድ በር ክፍል ልትሰጫት?

የኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ጽጌረዳ በእጄ ያልፋል። ያለሁባት ከተማ ከአምስተርዳም ብዙም አትርቅም፤ የዓለም ትልቁ የአበባ ጨረታ ያለው እዚህ ነው። እኔ የምሠራው አበባውን ከጨረታው ገዝቶ፣ እያሰረ ለሱቆች የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ጨረታቸው የተገላቢጦሽ ነው፣ ብታዪው ትስቂያለሽ። በእኛ አገር ሐራጅ ሲባል ዋጋው ወደ ላይ ይወጣል አይደል? እዚህ ትልቅ ሰዓት አለ፤ ዋጋው ከላይ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቁልፍ የተጫነው ይወስደዋል። ትንሽ ልታገሥ፣ ይርከስልኝ ያለ ሰው ሌላው ይቀድመዋል። ድሮ ነጋዴዎቹ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው ነበር የሚገዙት፤ አሁን አብዛኞቹ ቢሯቸው ሆነው በኮምፒውተር ነው የሚጫኑት።

ከምንከፍታቸው ካርቶኖች ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚል ያለበት አይጠፋም። ዝዋይ ይሁን፣ ሰበታ ይሁን፣ ከራሳችን ከሆለታ ይሁን ሁልጊዜ አላውቅም። ከቦሌ ሲነሣ ውሃ ውስጥ አይደለም፤ ደረቁን ታሽጎ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እየተጠበቀ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ግንዱን ከታች ትንሽ ቆርጦ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ከደጋ የመጣው ወዲያው ያስታውቃል፣ ራሱ ትልልቅ ነው። ሌሊቱ ስለሚበርደው ቀስ ብሎ ነውና የሚያድገው፣ ያብባል ስትይ አሁንም ይወፍራል። አብራኝ የምትሠራ የፖላንድ ሴት እነዚህን ስታይ «ያንቺ አገር መጣ» ትለኛለች። እኔም እንደ ባለቤት ኮራ እላለሁ፣ ምን ባደረግሁለት!

ግን እማዬ፣ አይሸትም። አፍንጫዬን ቀብሬ ብስበው ቅጠል ቅጠል ነው የሚለው። አዳቃዮቹ ሲመርጡት የኖሩት ግንዱ ረጅም እንዲሆን፣ መንገድ እንዲችል፣ ገዢው ቤት ገብቶ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው፤ በመሐል ሽታው ጠፋ። የኛዋ ሮዝ ግን ሁለት ቀን ሳትቆይ ትረግፋለች፤ ለጨረታ ብትቀርብ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ዝናብ አባርቶ ሲመሽ ያ ሽታዋ እስከ ማጀት ድረስ ይገባ አልነበር? እዚህ ስንት ሱቅ ገብቼ፣ ስንት ዓይነት አሽትቼ አላገኘሁትም።

(እህቴ፣ ይቺን ለእማዬ ሳታሰሚ ለራስሽ አንብቢያት። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ የተባለው ሰዓት ሳይሞላ ግሪንሃውስ ውስጥ አትግቢ፤ አለቃ ቢያቻኩልሽም አትግቢ። ጓንትሽም ከተቀደደ እንዲለውጡልሽ ጠይቂ። አንቺ ማለዳ የምትቆርጪውን እኔ ከቀናት በኋላ እዚህ እየፈታሁት ሊሆን እንደሚችል ሳስበው አንዳንዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ የአንዱን ዘለላ የሱቅ ዋጋና የአንቺን የቀን ሂሳብ አስተያይቼ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል።)

እማዬ፣ ፎቶው ላይ ያየሽውን ቀይ አበባ ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ቱሊፕ ይባላል። የሚተከለው ዘሩ ሳይሆን የሽንኩርት ራስ የሚመስል ነገር ነው፤ ልክ በዚህ ሰሞን፣ መሬቱ በበረዶ ሳይደርቅ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ስንዝር በማትሞላ ጉድጓድ ይቀበራል። ክረምታቸውን ሙሉ ተቀብሮ ይከርምና በሚያዝያ ያብባል። ብልክልሽ ለአንድ ጊዜ ቢያብብልሽ ነው፤ ሦስትና አራት ወር የሚዘልቅ ብርድ ካላገኘ በዓመቱ አይደግምም። የሆለታ ብርድ ለኛ እንጂ ለሱ ብርድ አይደለም። ሊሴ የሚባል ቦታ ማሳው እስከ አድማስ ድረስ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሲያብብ አይቻለሁ። ከዚያ ምን ያደርጉታል መሰለሽ? አበባውን በማሽን ቆርጠው መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ኃይሉ መሬት ውስጥ ወዳለው ራስ እንዲወርድ ነው፣ የሚሸጡት ያንን ራስ ነውና። መጀመሪያ ሳይ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ከከተማው ዳር በትንሽ ኪራይ የሚሰጡት የአትክልት ቦታ አለ፤ እኔም ተራ ጠብቄ አንዲት ቁራሽ አግኝቻለሁ። ጎመን፣ ድንች፣ ትንሽ ጤና አዳም፣ የቀረው አበባ ነው። ጎረቤቴ ዕድሜያቸው የገፋ የዚሁ አገር ሴት ናቸው፤ ስሜን በትክክል መጥራት አልሆነላቸውም፣ ቲማቲማቸውን ግን አይሰስቱብኝም። ቱሊፕ አተካከል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የቱሊፑን ራስ ከሁለት ሰንጥቀው መሐሉ ላይ ያለችውን ቢጫ እንቡጥ አሳዩኝና «ይቺ ትወጣለች፣ መርዝ ናት፤ ሌላው ይቀቀላል» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ለካ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1944 እና 45 ክረምት በነሱ አቆጣጠር፣ ጀርመኖች እህል እንዳይገባ ዘግተውባቸው ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ ቱሊፕ ነበር የበሉት። እሳቸው ሕፃን ነበሩ። «ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይከረክራል» አሉኝ። በዚችው አገር በ1637፣ ሰው በቱሊፕ ባበደበት ጊዜ፣ የአንዷ ራስ ዋጋ ከደህና ቤት ዋጋ ጋር ተስተካክሎ ነበር ይባላል። አያቴ ስለ ክፉ ቀን ስታወራ እኛ አፋችንን ከፍተን የምንሰማው ትዝ አለኝና ሴትዮዋን እጃቸውን ያዝኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የአደይ ዘር በበርበሬው መሐል ጠቅልለሽ ልትልኪልኝ ነው ብላ እህቴ ነግራኛለች። ተይው እማዬ። ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወደ አውሮፓ አይገባም፤ ከተያዘ በርበሬውም አብሮ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ በርበሬውን አጥብቄ እፈልገዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። የችግኝ መሸጫ ስገባ በተንጠለጠለ ማሰሮ ቢጫ አበባ አየሁና ክው አልኩ፤ አደይ መስሎኝ! ወረቀቱን ሳነበው ቢደንስ ይላል። ከአደይ ጋር ወገኑ አንድ ነው፣ አገሩ ግን ወደ ሜክሲኮ ነው፤ አበባውም አነስ ይላል። ለመስቀል ወደ ሮተርዳም ይዤ ሄድኩና ደመራችን ላይ አሰርነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች አደይ ነው ብለው ፎቶ ሲነሡ ማንም አላረማቸውም። አንዲት እናት ብቻ ጠጋ ብላ አሽትታ አየችኝና ፈገግ አለች።

ዛሬ ማታም ማኅሌት ስላለ እዚያው እሄዳለሁ። የጽጌ ጾምን እንደ አንቺ አልያዝኩም፣ ሥራው ከባድ ነው፤ ቅዳሜውን ግን አላስቀርም። ከሥራ ያልተሸጠ ጽጌረዳ ሲተርፍ ውሰዱ ስለሚሉን በባልዲ ይዤ እገባለሁ፤ አብዛኛው የኛው አገር ነው። ካህናቱ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ግብፅ ለግብፅ የተንከራተተችውን ሲያዜሙ እኛ ሴቶቹ ነጠላችንን ወደ ዓይናችን ነው የምንስበው፤ አንዷ ቤይሩት ያየችውን ታስባለች፣ አንዷ ባሕሩን፣ እኔ አንቺን። ልጅ ሆኜ ለምን በአበባ ወር እንደሚለቀስ አይገባኝም ነበር።

በይ አሁን ሥራውን ልንገርሽ፣ እህቴም እጇ ሠርቶ የኖረ ስለሆነ አይከብዳትም። አበባው ከረገፈ ግንድ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን አሥር ያህል ቁረጡ፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር ይሁን። የታችኛው ቁርጥ ከአንጓ ሥር ይሁን፤ የላይኞቹን ጥቂት ቅጠሎች ትታችሁ የታቹን ንቀሉ። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ብስባሽ አፈር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ፤ ሁለቱ አንጓ አፈር ይግባ። ሃይላንድ ከመሐሉ ቆርጣችሁ ክደኑት። ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ አፈሩ አይድረቅ፣ ውሃም አይተኛበት። አንድ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ሁሉም አይያዝምና አሥር ያልኩት ለዚያ ነው።

ዋናዋን ደግሞ ቆፋሪው ከመምጣቱ በፊት እስከ ጉልበት ድረስ ከርክሟት፤ ዙሪያዋን ሰፋ አድርጋችሁ ቆፍራችሁ፣ አፈሯ ሳይፈርስ በጆንያ ጠቅልላችሁ፣ ሲመሽ ወደ ውሃው ቧንቧ በኩል አዛውሯት። ውሃዋን አታቋርጡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ስላለ ሌሊት ኬሻ ይደረብላት። ብትሞትም ቁራጮቹ አሉ።

የመሠረቱ ገንዘብ እጃችሁ ላይ ነው። የቆርቆሮውን ግን ጣሳዎቹ ተደርድረው በፎቶ ካላየሁ አልልክም፤ አሥር ጣሳ፣ እቆጥራለሁ።

ልጅሽ