ደሬ፣ ፍሬንህ አልተሰራም

ደሬ ወንድሜ እንዴት ነህ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ናቲ ካንተ በቁመት በልጧል ሲሉ ሰማሁ፣ እሱ እንኳን ብዙም አይከብድም ሃሃ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ተጠፋፍተን ቆይተን ድንገት ስለ ፍሬን ስጽፍልህ ምን ነካው ልትል ትችላለህ፣ ግን ሰሞኑን ሂሩት ደውላልኝ ስንጫወት እንደቀልድ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ወደ ጅማ ስትሄዱ ከወልቂጤ አልፋችሁ የጊቤን ቁልቁለት ስትወርዱ ፔዳሉ እየላላ እየላላ መጥቶ እስከ ወለሉ ገባ፣ በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም ዳር ይዘህ አቆምካት፣ ከዛ ጥላ ስር ቁጭ ብላችሁ ቆይታችሁ ስትረግጠው እንደድሮው ያዘ አለችኝ። ጅማ ላይ ደግሞ አንድ መካኒክ የፍሬን ሸራ ቀይሮ "ተሰርቷል" ብሎ ሸኛችሁ፣ በዛችው ኮሮላ ተመልሳችሁ ገባችሁ። እሷ እግዜር አወጣን ነው የምትለው። እውነቷን ነው፣ ግን ደሬ አልተሰራም።

ስማኝ፣ ሸራ በጣም ሲግል መኪናው አልቆም ይላል እንጂ ፔዳሉ እግርህ ስር ጠንካራ እንደሆነ ነው። ፔዳሉ ራሱ ለስልሶ ከገባና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ግን ዘይቱ ፈልቶብሃል። የፍሬን ዘይት ክረምት ላይ ተከፍቶ እንዳደረ ጨው ነው፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በጎማ ቱቦዎቹ ሳይቀር ቀስ እያለ ይገባበታል። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ውሃው 3.7 በመቶ ሲደርስ ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠህ ስትወርድ እዛ ሙቀት ላይ መድረስ ብርቅ አይደለም። ከዛ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፈሳሽ ቢረገጥ አይታመቅም እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ ስለዚህ አንተ የምትረግጠው ሸራው ጋ ሳይደርስ እዛው አረፋው ላይ ያልቃል። የእጅ ፍሬኑ የያዘልህ በሽቦ ስለሚሰራ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይመለሳል፣ ውሃው ግን የትም አልሄደም፣ የሚቀጥለውን ቁልቁለት እየጠበቀህ ነው።

የአብዛኛው መኪና ዘይት በየ2 አመቱ ይቀየር ነው የሚባለው፣ የአባትህ ኮሮላ መቼ እንደተቀየረላት አንተም አታውቅም እኔም አላውቅም፣ የፍሬን ዘይት መያዣውን ከፍተህ የዘይቱን ቀለም እየው፣ አዲሱ ወደ ቢጫ የሚወስደው ጥርት ያለ ነው፣ ያንተ ቡናማ እንደሚሆን እወራረዳለሁ። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችህን ይዘህ መኖር ነው፣ ስለዚህ ተንከባከባት። ኤሌክትሪክ የገዙትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፣ እነሱም ጋ ያው የፍሬን ዘይት አለ።

ዘይቱን የመቀየሩ ስራ ቤት ይሰራል። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ለእጅ ብቻ የሚጠይቁት ብር ስላቃጠለኝ በራሴ ነው የምሰራው፣ ፔዳሉ ላይ የምትቀመጠው ልጄ ናት፣ ስልኳን እያየች "ዳዲ ልልቀቅ?" ትለኛለች፣ እኔ ከስር ሆኜ "እንዳትለቂ!" እያልኩ እጮሃለሁ፣ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እንጃ። አንተ ጋ ናቲ አለልህ።

ሶማሌ ተራ ሄደህ 1 ሊትር የታሸገውን ግዛ፣ ተከፍቶ የቆየ ትራፊ በነጻም ቢሰጡህ እንዳትቀበል። የዘይት መያዣው ክዳን ላይ ዶት 3 ካለ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሆናል፣ ዶት 4 ለሙቀት የተሻለ ነው፣ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጨምርበት የሚልህ ሰው ካለ ከዛ ግቢ ውጣ፣ የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች አሳብጦ ፍሬኑን በሙሉ ነው የሚያበላሽብህ። ከዚህ ሌላ ቀጠን ያለ ውስጡ የሚታይ ቱቦ፣ አንድ ትልቅ ስሪንጅ ከፋርማሲ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ቁጥር 8 እና 10 ቁልፍ በቃ። ቁልፉ ክብ አፍ ያለው ይሁን፣ ክፍት አፉ ዘይቱ የሚወጣባትን ብሎን ይልጣታል፣ ለዘመናት ካልተነካች ደግሞ ማታውኑ ዝገት ማላቀቂያ ንፋባት፣ ከተቆረጠች ሌላ ጣጣ ነው።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዝ፣ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ስሯ እንዳትገባ፣ ጠንካራ ድጋፍ አድርግባት። ሞተሩ ይጥፋ። በስሪንጁ አሮጌውን ከዘይት መያዣው መጠህ አዲስ ሙላበት፣ ከዛ ከመያዣው በጣም ከራቀው ጎማ ጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ቀኝ ነው፣ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መጨረሻ የፊት ግራ። ጎማው ጀርባ ላይ ካለችው ማስተንፈሻ ብሎን ላይ ቱቦውን ስካ፣ ሌላኛው ጫፍ ሃይላንዱ ውስጥ ትንሽ አዲስ ዘይት ውስጥ ይጠመቅ። ናቲ ሁለት ሶስቴ ረግጦ ይያዝ፣ አንተ ብሎኗን ትንሽ ፍታ፣ ፔዳሉ ሲወርድ ዘይቱ ይወጣል፣ ዝጋው፣ ከዘጋህ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። ቀድሞ ከለቀቀ አየር ይስባል። አረፋ ጠፍቶ ንጹህ ዘይት እስኪመጣ ድረስ እንደዛ ነው። ፔዳሉ ስር ቁራጭ ጣውላ አድርግ፣ እስከ ወለሉ ከገባ አርጅቶ የቆየው የፍሬን ፓምፕ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ለወትሮው የማይደርሱበት ዝገት ላይ ወጥተው ይቀደዳሉ። የዘይት መያዣውን ቶሎ ቶሎ እያየህ ጨምር፣ እንዲደርቅ ከተውከው አየር ይገባና ሀ ብለህ ትጀምራለህ፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካላት ጭራሽ በኮምፒውተር ካልሆነ የማይወጣ አየር ሊገባባት ይችላል።

ቀለሙ ላይ ከፈሰሰብህ ወዲያው በውሃ እጠብ፣ ቀለም ይልጣል። ሃይላንዱ ላይ ደግሞ በትልቁ መርዝ ብለህ ጻፍ፣ ውሃ ወይ ሻይ መስሎት አንዱ ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል ብዬ ነው፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥም አትድፋው፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስቡ ጋራዦች ጋ ውሰደው።

ስትጨርስ ሞተር ሳታስነሳ ስትረግጠው ጠንካራ መሆን አለበት፣ ስታስነሳ ትንሽ ዝቅ ይላል እሱ ጤነኛ ነው። ረግጠህ ይዘኸው ቀስ እያለ እየሰመጠ ከሄደ ግን ወይ የሚያፈስ አለ ወይ ፓምፑ ሞቷል፣ ያኔ መካኒክ ጥራ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሞክራት፣ ከዛ ሰፈር ውስጥ።

ጊቤ ላይ ደግሞ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ማርሹ ይያዛት እንጂ እግርህን ፍሬን ላይ አታሳድር። ለፋሲካ ጅማ ልትሄዱ ነው አለችኝ ሂሩት፣ ከዛ በፊት ስራው፣ የወጣውን ዘይት ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። እማማን ሳምልኝ።

ሙሌ