አሳታሚ፦ ደራሲው

ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱ ይዞታል። ብርዱ ነው ይላል እንጂ እርጅና ነው አይልም።

ባለፈው በስልክ "እማዬ፣ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ጠፋ እኮ" ያልሽኝ ከንክኖኛል። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ጓደኞችሽ የሚጠሩልሽ ሁሌ እነዚያኑ አምስት መጻሕፍት ነው አልሽ፤ እኛ በሳንቲም እየተከራየን ያነበብናቸውን። ግሩም ናቸው፣ አልጣላም። ግን አዲስ ጠፋ? ታዲያ እኔ ስንት ዓመት ጣቴ እስኪደነዝዝ ለደራሲዎች የተየብኩት ምን ነበር?

አራት ኪሎ የነበረችኝን የጽሕፈት ክፍል ታስታውሻለሽ። መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ በኮምፒውተር፣ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ሳንሱር ሲቀር ደብተር ያቀፈ ሰው በሬን ያንኳኳ ጀመር። ከዚያ በፊት አንድ ጽሑፍ ሳይመረመር ማተሚያ ቤት አይገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እቁብ የደረሰውም፣ ከወንድሙ የተበደረውም ያሳትማል። መጽሐፉን ገልጠሽ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለውን ገጽ እዪ፤ ብዙ ጊዜ "አሳታሚ፦ ደራሲው" ይላል። በደርግ ጊዜ እንደ ኩራዝ ያለ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ደራሲ ከፋዩም፣ ተሸካሚውም፣ ሻጩም ራሱ ነው።

ለዚህ ነው ስማቸውን የማትሰሚው። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ዶላር ሲወጣ እሱም ይወጣል። አከፋፋዩ ገንዘቡ እንዳይታሰርበት የታወቀ ስም ይመርጣል። አዟሪውም እንደዚያው፤ ክንዱ ላይ የሚደረድረው ቶሎ የሚሸጥለትን ነው። ያላወቅሽው መጽሐፍ መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል። መደርደሪያ አጥቶ ነው።

እኔ ዘንድ ያልመጣ ዓይነት አልነበረም። የምርመራ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የዶሮ እርባታ፣ የልጆች ተረት። አንድ የቀድሞ ወታደር በስድስት ደብተር ማስታወሻውን ይዞልኝ መጣ። እጅ ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ሦስተኛው ደብተር ላይ ስለ አንዲት በቅሎ የጻፈው ነበር። መተየቤን ትቼ ሳነብ ሻዩ ቀዘቀዘ። ያን ቀን ራት ያልሠራሁት ለዚያ ነው፤ አባትሽ ግን እስከ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ይመስለዋል።

ደግሞ ኃጢአቴንም ልንገርሽ። የአንዱን ልብ ወለድ ስተይብ ምዕራፍ ሰባትን ዘለልኩት። ማረሚያውን ደራሲው ራሱ ነበር የሚያየው፣ እሱም አላየም። መጽሐፉ ያለ ምዕራፍ ሰባት ወጣ። ሰውየው ከወር በኋላ መጣ፤ ሊጮህብኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። አንባቢዎች "ያ ሚስጥራዊ ዝላይ እንዴት ታሰበህ?" ብለው አድንቀውት ኖሯል። ሁለተኛው እትም ላይ ይግባ አይግባ እያልን ሻይ ጠጣን። አልገባም።

እንግዲህ ይህን የምነግርሽ ግድፈት እንደማይጠፋ እንድታውቂ ነው። አርታኢ የሚከፍል ጥቂት ነው። በፊደል ስህተት መጽሐፍ አትጣይ። የኋላ ሽፋኑን አስተያየትም አትመኝ፤ ወዳጅ ለወዳጁ የጻፈው ነው። እኔ የማደርገው መሀሉን መግለጥ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፣ መሀል ላይ ይደክማል። መሀሉ ላይ ሁለት ሰዎች እያወሩ ከሆነና ድምፃቸው ከተለየልሽ ግዢው። ሁለቱም እንደ ዜና አንባቢ የሚያወሩ ከሆነ መልሺው። ግጥም ከሆነ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው፤ ሰው ቢያይሽም አትፈሪ። ማስታወሻ ከሆነ ጸሐፊው የተሸነፈበትን ቀን ፈልጊ። በሁሉም ገጽ የሚያሸንፈውን ተይው።

ደግሞ የእኛ ደራሲ ስልኩን መጽሐፉ ላይ ያትማል። ከወደድሽው በቴሌግራም ሁለት መስመር ላኪለት። የሚቀጥለው መጽሐፉ መቼ እንደሚወጣ ከማንም በፊት የሚነግርሽ እሱ ነው፤ የጓደኛውንም መጽሐፍ ይጠቁምሻል። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄድኩት እንዲህ ነው።

በዚህ እንግዳ ሦስት መጻሕፍት ልኬልሻለሁ። አንደኛው የወታደሩ ነው፣ በቅሎዋ ያለችበት ገጽ ላይ ክር አስገብቻለሁ። ሁለተኛው የአንዲት ነርስ ግጥም ነው። ግማሹ ደካማ ነው፤ የሌሊት ተራዋን የጻፈችበት ግን አስለቅሶኛል። ሦስተኛውን አላነበብኩትም። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ደራሲው ራሱ ቆሞ ሲሸጥ ገዛሁት፣ መሀሉን ገልጬ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አገኘሁ። አንብበሽ ንገሪኝ።

እንግዳው ሐሙስ ሌሊት ይበራል። በርበሬውን ለብቻው በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ባለፈው የግጥም መድበሉ ቀልቶ ነው የደረሰሽ።

እናትሽ