ለደንበኞቻችን፦ አልጠፋ ስላለው ቀይ የፍሬን መብራት

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

"ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የፍሬን መብራት አልጠፋ አለኝ፣ የፍሬን ዘይት ልጨምርበት?" በስልክም በአካልም ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ ነው። ለሁላችሁም አንድ ላይ ብንመልስ ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን። ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ለምን እንደጎደለ ይታወቅ።

በቅርቡ አንድ ደንበኛችን ቪትዝ ይዘው መጡ። መብራቱ ቁልቁለት ላይና ኩርባ ላይ ይበራል፣ ሜዳ ላይ ይጠፋል። "ሽቦ ይሆናል" ብለው ነበር የመጡት። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ዘይት ተጨምሮላቸው ተሸኝተዋል። የፊት ጎማውን አውልቀን አየን። የፍሬኑ ሸራ፣ ዲስኩን ጨብጦ መኪናውን የሚያቆመው፣ አልቋል። ከሸራው ጀርባ ያለው ብረት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ እየቧጠጠ በጣት ሲዳሰስ የሚሰማ መስመር አውጥቶበታል። ሸራ ብቻ ይቀየር የነበረው መኪና ዲስክም ተጨመረበት።

የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሸራው ሲሳሳ ከኋላው የሚገፋው ፒስተን ወደ ፊት ይወጣል፣ የወጣበትን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ስለዚህ ኮፈኑ ስር ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ዘይቱ ዝቅ ይላል። ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ አብራ ስትወርድ መብራቱን ታበራለች። መጀመሪያ የሚበራው ዘይቱ ወደ አንድ ጎን በሚያዘነብልበት በቁልቁለትና በኩርባ ላይ የሆነውም ለዚህ ነው። ሸራው ሳይታይ ዘይት የጨመረ ሰው መኪናው ሊነግራችሁ የፈለገውን ነገር አፉን ያዘው ማለት ነው። ሌላም ጣጣ አለው። ሸራው ባለቀበት ሰዓት እስከ አፉ የተሞላ ማጠራቀሚያ፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ሞልቶ ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል።

እናንተ ራሳችሁ ማየት የምትችሉትን እንንገራችሁ። በእጅ ፍሬኑ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስባችሁ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። አንድ ጥርስ እንኳ ተይዞ ከቀረ መብራቱ አይጠፋም፣ የኋላው ጎማም እየተያዘ ይግላል። ከማንሻው ስር ያለችው ትንሽ ማብሪያም አቧራ ሲገባባት ወይም መጠጥ ሲፈስባት ትነክሳለች። ማንሻውን ነካ ስታደርጉት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ከእሷ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሠራል።

ቀጥሎ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ኮፈኑን ክፈቱ። ማጠራቀሚያው ላይ የላይኛውና የታችኛው መስመር አለ። ዘይቱ በመካከላቸው ከሆነ ደህና ነው። ከታችኛው በታች ከሆነ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ ይፈሳል። ማታ ከመኪናው ስር ካርቶን አንጥፋችሁ እደሩ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ወይም በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ እርጥበት ካያችሁ መኪናውን አታንቀሳቅሱት፣ ደውሉልን። ዘይት የሚያፈስ ፍሬን ለዛሬ ስለያዘ ብቻ ነገም ይይዛል ማለት አይደለም።

ዘይት መጨመር የግድ ከሆነ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል፤ የፍሬን ዘይቱ ዓይነት ነው። የመሪ ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ "ያው ዘይት ነው" የሚባል ማንኛውም ነገር እዚያ እንዳይገባ። ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ ያሳብጠዋል። ያኔ የሚቀየረው አንድ ጎሚኒ ሳይሆን ከፓምፑ እስከ ጎማው ያለው ጎማ ነክ ዕቃ ሁሉ ነው።

ቆየት ያለ ቶዮታ ለያዛችሁ አንድ ነገር። የፍሬኑና የባትሪው መብራት አብረው ከበሩ፣ በተለይ ደብዘዝ ብለው፣ ፍሬኑን ከመፍታት በፊት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይታይ። የዲናሞው ካርቦን ሲያልቅ እንዲህ ያደርጋል። ቢጫው የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሲስተም) መብራት ብቻውን ከበራ ፍሬኑ ይይዛል፣ ድንገት ሲረገጥ ግን ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። ቢጫውና ቀዩ ሁለቱም ከበሩ ቀስ ብላችሁ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ኑ።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ከፍታችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ቀዩ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ተነቅሎ አይተናል። ያን መብራት የነቀለ ሰው የገዢውን ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ አላሰባቸውም።

እየነዳችሁ ቢበራስ? ፔዳሉን በቀስታ ሞክሩ። እንደወትሮው ጠንከር ብሎ ከያዘ ፍጥነት ቀንሱና ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ወደ ታች ከሰመጠ ግን ሳታቋርጡ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ማርሽ ወደ ዝቅተኛው እየቀነሳችሁ መኪናውን በሞተር ያዙት፣ የእጅ ፍሬኑን ማንሻው ጫፍ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ቀስ በቀስ ሳቡ። በድንገት አትሳቡት፣ የኋላው ይንሸራተታል። የብዙ መኪኖች ፍሬን በሁለት መስመር የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይይዛል። ግን ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል። ያንን መኪና ነድታችሁ አታምጡት፣ እናስጎትተዋለን።

ክፍለ ሀገር ለምትወጡ ይህን ሳንነግራችሁ አናልፍም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ሲቆይ መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ፍሬን እየረገጡ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ዘይቱ ይቀየር። ቁልቁለቱን ዳገት ሆኖ ቢሆን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። ሸራችሁ ቶሎ አያልቅም እንጂ ዘይቱ እንደሌላው መኪና ነው።

ከእኛ በኩል ቃል የምንገባው ይህ ነው። ቀይ መብራት በርቶባችሁ ስትመጡ ምርመራው በነጻ ነው። አራቱንም ጎማ አውልቀን የሸራውን ውፍረት ለክተን እናሳያችኋለን። ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ይቀየር እንላለን። በቂ ከሆነ አትቀይሩ እንላለን። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ እንሰጣለን። ሸራውን ራሳችሁ ከሶማሌ ተራ ገዝታችሁ ብታመጡም እንገጥማለን፤ ከመግጠማችን በፊት ግን ከአሮጌው ጋር አስተያይተን፣ የማይሆን ከሆነ እንመልሳለን።

ለፍሬን ቀጠሮ አያስፈልግም። ግቢው ሞልቶ ብታገኙት እንኳ ጥበቃውን "ፍሬን ነው" በሉት፣ ያስገባችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች