ገበሩ ውስጥ የሰፋሁት ደብዳቤ

ጅማ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

በስልክ «የጃኬትሽን ገበር በግራ በኩል ፍቺው» ስልሽ ብር የደበቅኩልሽ መስሎሽ ይሆናል። ብሩም አለ፣ አንድ ሺህ። ደብዳቤውን ግን የዶርም ልጆች ሲተኙ ብቻሽን አንብቢው። በቴሌግራም ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ስልክሽን ግማሽ ዶርም እንደሚነካካው ስለማውቅ ተውኩት።

ጃኬቱን ረስተሽው ስትሄጂ ላጥበው ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ። ልማዴን ታውቂያለሽ፣ የደንበኛ ልብስ እንኳ ኪሱን ሳላይ መቀስ አላነሳም። የፖስት ፒል፣ የድንገተኛው እርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ማሸጊያ አገኘሁ። ክኒኑ ወጥቷል፣ ብርማው ወረቀት ተቀዷል። ሳፋው አጠገብ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ የፈላው ውሃ እስኪቀዘቅዝ። መጀመሪያ የመጣብኝ «ማነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ጎረቤት ቢያይስ?» አልኩ። በሁለቱም አፍሬያለሁ። ሦስተኛው ሐሳብ ማታ መጣ፣ እንቅልፌንም የወሰደው እሱ ነው፤ ልጄ የፈራችው እርግዝናን ብቻ ነው፣ ኤች አይ ቪን አይደለም።

ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። የወር አበባ ያየሁ ቀን እናቴ ቁራጭ ጨርቅ ሰጥታኝ «ከእንግዲህ ከወንድ ራቂ» አለችኝ፣ ትምህርቱ በዚያው አለቀ። እኔ ለአንቺ ሞዴስ ገዛሁና ያንኑ ቃል ደገምኩልሽ። ከጨርቅ ወደ ሞዴስ፤ የቤታችን እድገት ይኸው ነው።

ስለ አክስትሽም የዋሸሁሽ አለ። ፎቶዋ ሳሎን የተሰቀለው፣ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ የወደቀው። «ሳንባ ነው የገደላት» ብዬሻለሁ፣ ለቅሶ ላይም የተባለው ያ ነው። ሳንባ አልነበረም፣ ኤች አይ ቪ ነው። በ19 ዓመቷ የቡና ነጋዴ አገባት፣ በ15 ዓመት ይበልጣታል። ሰዉ ሁሉ «ዕድሏ ነው» አለ። ቡና ሲደርስ እዚህ ከተማ ብር እንዴት እንደሚረጭ አድገሽበታል። እሷ ከእሱ በቀር ወንድ አታውቅም ነበር። በ1994 ዓ.ም. ሞተች፤ መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ነው። ቁልፍ ስተክል አንዳንዴ እጄ ይቆምና ያቺን ሦስት ዓመት አስባለሁ።

ሳስታምማት የነበርኩት እኔ ነኝ። የምትጠጣበትን ኩባያ ለይቼ መደርደሪያው ጥግ አስቀምጥ ነበር። በኩባያ አይተላለፍም እያለ ሬዲዮው በየቀኑ ይናገራል፣ እሰማለሁ፣ ግን አላመንኩም። አንድ ቀን ኩባያዋን አየችና «እኔ ልጠበው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ማሸጊያውን ካገኘሁ በኋላ ጋዋን ልታሳጥር የምትመጣ አንዲት የጤና ጣቢያ ሲስተር አለች፣ እሷን ጠየቅኳት። «ለጎረቤት ልጅ ነው» አልኩ። ገብቷታል፣ ግን አላሳፈረችኝም። ወገቧን እየለካሁ እሷ ስታወራ፣ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አነበብኩ።

ፖስት ፒል የሚሠራው እንቁላል እንዳትለቀቅ በማዘግየት ነው አለችኝ። በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና ከያዘ በኋላ ግን አያስወርድም። በየጊዜው እሱን ከመዋጥ አንድ ቋሚ መከላከያ መያዝ ይበልጣል፤ በክንድ የሚቀበረው አለ፣ የሦስት ወር መርፌ አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ አለ። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «ለቫይረሱ ግን አንዳቸውም ምንም አያደርጉም» አለች። ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚከላከል ኮንዶም ነው። ክንድሽ ላይ ብታስቀብሪም ኮንዶሙ አይቀርም ማለት ነው።

ሌላም 72 ሰዓት እንዳለ አላውቅም ነበር። አፌን ቁርጥ ያርገው እንጂ፣ አንድ ሰው ቢደፍርሽ ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፣ ፔፕ ይሉታል። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ሳትታጠቢ፣ ልብስሽን ሳትለውጪ ሆስፒታል ነው የምትሄጂው። ወደ እኔም ደውዪ፣ በየትኛውም ሌሊት። ከመደፈር የመጣ እርግዝናንም ማቋረጥ በሕግ እንደሚፈቀድ፣ ለዚያም የሴቲቱ ቃል እንደሚበቃ ከእሷ ነው የሰማሁት። ሕጉ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል፣ እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ቁጭ ብዬ ስሰፋ።

ስለ ወጣት ሴቶች የነገረችኝ ነው ይበልጥ የቆየብኝ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ወንዶች ከ3 እጥፍ በላይ ነው። እኛም አገር እንደ ፈረንጆች በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች 1.2፣ ከመቶ ወንዶች 0.6 ተገኝቶባቸዋል፤ ከተማው 2.9፣ ገጠሩ 0.4። «ሴቶቹ ባለጌ ሆነው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰፈሩ የሚለው ያንን ስለሆነ። ሳቀችብኝ። የልጃገረድ ገላ ገና ስስ ነው፣ ቫይረሱ በቀላሉ ይገባበታል አለች፤ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ የሚመጣባቸው በዕድሜ ከሚበልጧቸው፣ ብር ካላቸው፣ ኮንዶም አድርግ ለማለት ከሚከብዱ ወንዶች ነው። ወዲያው አክስትሽ ትዝ አለችኝ። በዚያ ዕድሜ ባሏን ምን ብላ ትጠይቀው ነበር?

እንግዲህ የእኔ ልመና ይህ ነው። ከልጁ ጋር አብራችሁ ተመርመሩ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፣ አዲስ የገባ ቫይረስ ወዲያው አይታይምና ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። «አታምኚኝም ወይ?» ይልሽ ይሆናል። አክስትሽም ባሏን ታምነው ነበር። ቫይረሱ አለብኝ ብሎ በግልጽ የሚነግርሽን ሰው ደግሞ እንደ እኔ ኩባያ እንዳትለዪበት፤ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ከሆነ በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። ይህንን እኔ ለማመን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከቫይረሱ ስለሚከላከለው አዲስ መርፌም አጫወተችኝ። በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ ክኒን ፊትም ነበር፤ እኛ ጋ ቅድሚያው ይበልጥ ለተጋለጡት ነው፣ ባሏ ቫይረሱ ላለበት ሴት ለምሳሌ። መርፌው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሌናካፓቪር ይባላል። እንደ ፈረንጆች በ2024 ውጤቱ በተነገረ ጥናት፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲት እንኳ በቫይረሱ አልተያዘችም። ዕድሜዬን በመርፌ ጨርሼ እንዲህ ያለ መርፌ ሰምቼ አላውቅም። ለአንቺ እስኪደርስ አልጠብቅም፣ አንቺም አትጠብቂ።

በ14 ዓመትሽ ትምህርት ቤት የተወጋሽው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ትዝ ይልሻል? «ክንዴ ከበደኝ» ብለሽ እንጀራ አልጋግርም ያልሽ ቀን። ሰፈር ውስጥ መካን ያደርጋል ተብሎ ላስቀርሽ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያልቀረሽው መምህርሽ ቤት ድረስ መጥታ ስለለመነችኝ ነው። እናትሽ ሁሌ ትክክል አይደለችም፣ ይህንን ለታናሽሽ አትንገሪያት።

አሁን በቀኝ በኩል ያለውን ገበር ፍቺ። ኮንዶም ነው። መርካቶ ሁሉም ስለሚያውቀኝ ፈረንጅ አራዳ ድረስ በባጃጅ ሄጄ ገዛሁት። ፋርማሲ ያለው ልጅ «ማዘር፣ የትኛውን?» አለኝ። ብዙ ዓይነት እንዳለው መች አውቄ፤ «የማይቀደደውን» አልኩት። እሱም ሳይስቅ ሰጠኝ፣ እግዜር ይስጠው። ቀኑን አይቼዋለሁ፣ አላለፈም፤ አንቺም በገዛሽ ቁጥር እዪ። ጃኬት ውስጥ እያሞቅሽው አትዙሪ፣ አውጥተሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪው። መርፌ እንዳይነካው ከዳሩ ሁለት ጣት ርቄ ነው የሰፋሁት። ስትፈቺው ምላጭ እንዳትጠቀሚ፣ ክሩን ልል አድርጌዋለሁ፣ በጣትሽ ብትስቢው ይወጣል።

እናትሽ