ለልጄ፣ ቮልሷ አልነሳም ስትልሽ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ቮልሷ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እንዳለችሽ ጽፈሻል። ሞተሪኖው እያሽከረከረ ሞተሩ ካልተቀበለ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩይ፤ መጀመሪያ እሳቱ፣ ማለት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ የት እንደተቋረጠ ፈልጊ።

ማርሹን ነፃ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዢ። ከኮይል (የባትሪውን ኮረንቲ አጠንክሮ እሳት ከሚሰጠው) ወደ ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) መሃል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢውተሩ ክዳን ንቀይ። እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ደረቅ ፒንሳ ይዘሽ ጫፉን ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊሜትር ያህል አርቂ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልሽ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ካለ ግን ይህን ከቶ አትሞክሪ።

ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከዘለለ ችግሩ ከክዳኑ ወዲያ ነው። በደሴ የክረምት ጉም ክዳኑ ውስጡ ይረጥባል፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካየሽበት ግን እሳቱ በዚያ እየሸሸ ነውና ክዳኑ ይቀየር።

ብልጭታው ከሌለ ወይም ቢጫና ቀጭን ከሆነ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ የኮይሉን ኮረንቲ ወደሚያቋርጠው ወደ ፖይንቱ ነይ። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው እሱን ነው። የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ላይ የሚፈገፈገው ተረከዙ ሲበላ በሁለቱ ፊቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ በመጨረሻም ፖይንቱ መከፈት ያቆማል። ካልተከፈተ ኮይሉ እሳት አይሰጥም። ፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በብሎን መፍቻ እያዞርሽ ተረከዙ የዘንጉ ጉብታ ጫፍ ላይ ሲወጣ አቁሚና ክፍተቱን ለኪ፤ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ፊቱ ከጠቆረ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሽተሽ ብናኙን ጥረጊ። አንዱ ፊት ጎድጉዶ ሌላው ጉብ ካለ ፖይንቱን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ትንሽ ዕቃ፣ ኮንደንሰሩንም፣ አብረሽ ቀይሪ፤ አለዚያ አዲሱ ፖይንትም ሳይቆይ ይቃጠላል። ከዚያ ታይሚንጉ፣ ማለት እሳቱ የሚወጣበት ጊዜ፣ ይታይ፤ ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል።

ክፍተቱ ልክ ሆኖም እሳት ከሌለ የሞተሩን ቁልፍ ክፈቺና መሞከሪያ አምፖሉን ኮይሉ ላይ 15 ቁጥር የተጻፈበትን ጫፍ አስነኪው። ካልበራ ኮረንቲው ኮይሉ ጋ አልደረሰም። እዚያ በርቶ፣ ፖይንቱ ተከፍቶ ሳለ 1 ቁጥሩ ላይ ካልበራ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ፍቺና ድገሚው። አሁን ከበራ ሽቦው ወይም ኮንደንሰሩ ከብረት ጋር ተገናኝቷል፤ አሁንም ካልበራ ኮይሉ ውስጡ ተበጥሷል።

አደራሽን፣ ስትጨርሺ ቁልፉን ዝጊ። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ክፍት ከቆየ ኮይሉ ይግላል፣ ፖይንቱም ይቃጠላል።

የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀይ። ከተደባለቁብሽ እሳት የሚደርሳቸው የሲሊንደሮቹ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው፤ ክዳኑ ሥር ያለው ሮተር በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ የ1 ቁጥሩን ቦታ ዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ጭረት ታሳይሻለች።

አባትሽ