የጥዱን አጥር ምን እናድርገው? ለካሊፎርኒያ የደንና የእሳት መከላከያ ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

ሎስ አንጀለስ አካባቢ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ቤቴን ስገዛ ልቤን የሳበው በጎን በኩል ተሰልፎ የቆመው ረጅም ጥድ ነበር። አገር ቤትም ያደግኩት በፈረንጅ ጥድ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤት አያይህም፣ አንተም አታየውም። ገመና ይሸፍናል።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ሌሊት በዚሁ አካባቢ ያለችው አልታዲና በሰደድ እሳት ስትነድ ግን ያው ጥድ አስፈራኝ። ነፋሱ ሲበርድ ቅርንጫፉን በእጄ ገለጥ አደረግኩት። ላዩ ለምለም ነው። ውስጡ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚረግፍ ጭራሮ። እናቴ ብታየው ለምድጃ ማቀጣጠያ ትለቅመው ነበር። ለካ ስንት ዓመት ላዩን ብቻ ስከረክም ኖሬያለሁ! ከግድግዳዬ ያለው ርቀት ደግሞ አንድ ክንድ አይሞላም።

አብዛኛውን ቤት የሚያቃጥለው ነፋስ የሚበትነው ፍንጣሪ እንደሆነ የእሳት አደጋ ሰዎች ደጋግመው ነግረውናል። ፍንጣሪው እዚያ ጭራሮ ውስጥ ከገባ፣ ከእኔ ቤት ወደ ጎረቤቴ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

ከቤቱ እስከ 5 ጫማ ድረስ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር ደንብ እንድታወጡ የሚያዘው ሕግ የጸደቀው በ2020 ነው። የካሊፎርኒያ ገዥ በፌብሩዋሪ 2025 የደንቡ ሥራ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ እንዲያልቅ አዘው ነበር። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ግን “ንቀሉ” ብቻ አይበቃም። በምን እንተካው? እሳት የማይበላው ተክል እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ቅጠሉ ውሃ የቋጠረ፣ ውስጡ የማይደርቅ፣ ዝቅ ተደርጎ የሚከረከም ተክል ከጥድ ይሻላል። ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የት ላይ ክፍተት እንደሚተውለት በሥዕል አሳዩን። በአማርኛም ይሁንልን፤ አረጋውያን ወላጆቻችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አያነቡም።

ሌላው የጎረቤት ነገር ነው። ሰፈራችን ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራ ነው። ጥዱ ከእኔ 6 ጫማ ርቆ የጎረቤቴን ግድግዳ ቢነካስ? አጥር የሁለት ቤት ጉዳይ ነውና ደንቡም እንደዚያ ይየው። የእንጨት አጥርም ቢሆን ከቤት ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ብረት ወይም ግንብ ይሁን። ትልልቅ ዛፍ ማስነቀል ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በጡረታ የሚኖሩትን የምታግዙበት መንገድ ይፈለግ።

እኔ ግድግዳው ጥግ ያሉትን አራቱን ነቅያለሁ። የመኝታ ቤቴ መስኮት ተገልጦ ቀርቷል። ጎረቤቴ ግን “ቦርዱ የሚለውን ሳልሰማ አልቆርጥም” ብለውኛል። የእሳቸው ጥድ አሁንም ጣሪያዬን አልፎ ቆሟል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈሩ ነዋሪ